ከወንዝ እስከ ቦኖ፦ የአሸዋ ማጣሪያ ሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ስሌቱ

800 ያህል ሰው ከወንዝ ቀድቶ ይጠጣል። ወንዙ ከመንደሩ በላይ በኩል ስለሚያልፍ ውሃው በራሱ ቁልቁል ይወርድልናል። ፓምፕ የለም፣ መብራት የለም፣ ነዳጅ የለም። ስለዚህ ዝግተኛ የአሸዋ ማጣሪያ እንሠራለን። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ውሃው አሸዋ ላይ ይተኛል፣ በአሸዋው መሃል ይሰርጋል፣ ከሥር በቧንቧ ይወጣል። ዝግተኛ ሲባል ግን የምር ነው። በሰዓት ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር። ቀንድ አውጣ ጥሎት ይሄዳል።

ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብለን ያዝን። ለ800 ሰው 16,000 ሊትር ይሆናል። ማጣሪያው ሌትና ቀን ስለሚሠራ ለ24 ስናካፍለው በሰዓት 667 ሊትር ገደማ ይመጣል። የውስጥ ስፋቱ 2 ሜትር የሆነ ክብ ጋን ወለሉ 3.14 ካሬ ሜትር ነው። ሁለት ጋን ስንሠራ 6.28 ይሆናል። ሁለቱም ሲሠሩ ፍጥነቱ በሰዓት 10.6 ሳንቲ ሜትር ነው። አንዱ ለጽዳት ሲዘጋ ሌላው ብቻውን በ21 ይሸከመዋል። ትንሽ ጠበቅ ይላል፣ ግን ለጥቂት ቀን ችግር የለውም።

«አንድ ትልቅ ጋን አይሻልም? ሲሚንቶ ይቆጥባል» የሚል ሐሳብ ከኮሚቴው መጣ። አይሻልም። አንድ ብቻ ከሆነ በጽዳት ጊዜ መንደሩ በሙሉ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ያኔ የወራቱ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። በዚህ ላይ አልደራደርም አልኩ፣ እነሱም ተስማሙ።

ከማጣሪያው በታች ማጠራቀሚያ ይኖራል። ሰው የሚቀዳው ጠዋትና ማታ ነው፤ ማጣሪያው ግን እኩል ነው የሚሠራው። ሌሊት የተጣራውን አጠራቅሞ ጠዋት የሚሰጥ ነገር ያስፈልጋል።

ሐሙስ፣ ግንባታ

ስለ ግንባታው ብዙ አልጽፍም። ፌሮው ታስሯል፣ ግድግዳው ቆሟል፣ ቁመቱ 2.4 ሜትር ነው። ከሥር 30 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከዚያ 90 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፣ ከላይ እስከ 1 ሜትር የሚደርስ ውሃ፣ የቀረችው 20 ሳንቲ ሜትር ለጥንቃቄ ናት።

ሁለት ነገር ግን መመዝገብ አለበት።

አንደኛው የውስጥ ልስኑ ነው። ግንበኛው እጁ ጥሩ ነው። ውስጡን ከላይ እስከ ታች ሊሾ ሊያደርገው ተዘጋጅቶ ነበር።

«ጋሼ፣ አሸዋው የሚደርስበት ድረስ ሻካራ ይሁን» አልኩት።

«ሻካራ ልስን ሠርቼ ስሜን ላጥፋ?»

ምክንያቱን ነገርኩት። ውሃ ሁልጊዜ የሚቀለውን መንገድ ነው የሚፈልገው። ግድግዳው ልሙጥ ከሆነ በግድግዳውና በአሸዋው መሃል ሾልኮ ሳይጣራ ይወርዳል። ሻካራ ከሆነ ግን አሸዋው ይነክሰዋል። ትንሽ አሰበና እስከ አሸዋው ልክ ሻካራ አደረገው። ከዚያ በላይ ያለውን ግን ሊሾውን ሠራው፤ እሷን ማንም አይነጥቀውም።

ሁለተኛው መውጫ ቧንቧው ነው። ከጋኑ ሥር ይወጣል፣ ከዚያ ውጭ በኩል በጎሚቶ ታጥፎ ወደ ላይ ይወጣል፣ አፉ ከአሸዋው ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የጠቅላላው ሥራ ነፍስ ያለችው እዚህች የታጠፈች ቧንቧ ላይ ነው። ከወንዙ የሚመጣው ውሃ ቢቋረጥ እንኳን አሸዋው አይደርቅም፤ ውሃው ከቧንቧው አፍ ልክ በታች በራሱ ሊወርድ አይችልም። አናቷ ክፍት መሆኗም በምክንያት ነው። ከተደፈነች ቧንቧዋ ራሷ ውሃውን እየሳበች ጋኑን ታራቁተዋለች። ከፍታውን በውሃ ልክ ሁለት ጊዜ አስለካሁ። ግንበኛው ሳቀብኝ።

ቅዳሜ፣ አሸዋው

ጋን ማንም ይገነባል። ሥራው ያለው አሸዋው ላይ ነው።

ለቤት ግንባታ የሆነ አሸዋ ሁሉ ለማጣሪያ አይሆንም። በጣም ከደቀቀ ውሃ አያሳልፍም። ከወፈረ ደግሞ ቆሻሻው ጠልቆ ስለሚገባ ከላይ በመጥረግ አይወጣም። የምንፈልገው ውጤታማ መጠኑ ከ0.15 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው። ውጤታማ መጠን ማለት ከአሸዋው ክብደት 10 በመቶው ብቻ የሚያልፍበት የወንፊት ቀዳዳ ነው። ሌላም መለኪያ አለ። 60 በመቶው የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ 10 በመቶው በሚያልፍበት ማካፈል ነው። ውጤቱ ከ3 መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ቅንጣቶቹ ተበላልጠዋል ማለት ነው፤ ትንንሾቹ በትልልቆቹ መሃል ይሰነቀሩና መንገዱን ይደፍኑታል።

ሁለት ናሙና ነበረን። አንዱ ከወንዙ መታጠፊያ የመጣ ነጣ ያለ፣ ሌላው ከጉድጓድ የወጣ ቀላ ያለ። አፈ ሰፊ ጠርሙስ አምጥተን ሲሶውን በአሸዋ፣ የቀረውን በውሃ ሞልተን ክዳኑን ጠበቅ አድርገን ናጥነው። የቀዩ ውሃ ጭቃ እንደሆነ ቀረ። ብንጠብቀው፣ ብንጠብቀው አልጠራም። የነጩ ግን አሸዋው ወዲያው ወረደ። ከላዩ ስስ የደለል ንጣፍ ተኛ፣ ውሃውም ቀስ በቀስ ገረጣ። ቀዩን ሸኘነው።

በነጩ ላይ አቼቶ ጠብ አደረግንበት። አረፋ አላወጣም። ኖራ ያለበት አሸዋ ቢሆን ይፈላ ነበር። እንዲህ ያለው አሸዋ ቀስ በቀስ እየሟሟ ስለሚሄድ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ቀጥሎ ወንፊት። የደረቀ አሸዋ መዝነን፣ በተደራረቡ ወንፊቶች ነፍተን፣ በየወንፊቱ የቀረውን መዘንን። 10 በመቶው የሚያልፍበት 0.27 ሚሊ ሜትር፣ 60 በመቶው የሚያልፍበት 0.62 ሆነ። ሲካፈል 2.3። ከዚህ የተሻለ ከተፈጥሮ አሸዋ መጠበቅ ስግብግብነት ነው።

ማክሰኞ፣ እጥበት

ሁለቱ ጋኖች የሚወስዱት አሸዋ 5.7 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። በማጥለያና በእጥበት ብዙ ስለሚባክን 8 አስመጥተናል።

አጣጠቡ እንዲህ ነው። በርሜል ከወገቡ ይቆረጣል። ግማሽ ድረስ አሸዋ ይገባል። ጎማ ከሥር ድረስ ይሰደድና ውሃ ይለቀቃል፤ አንድ ሰው በአካፋ ያማስላል። ደለሉ ከውሃው ጋር በበርሜሉ አፍ እየፈሰሰ ይወጣል፣ አሸዋው ከሥር ይቀራል። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ወፍራም ነው። ከዚያ ይቀጥናል። ከዚያ የጠራ ይመስላል፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «በቃ ጠራ» ተብሎ ይገለበጣል። ጠርሙሱ ግን ሌላ ይናገራል። ከታጠበው እፍኝ አሸዋ ጠርሙስ ውስጥ ከትተን፣ ንጹህ ውሃ ጨምረን፣ ነቅንቀን እናስቀምጣለን። እስከ አሥር ቆጥሬ በጠርሙሱ ወዲያ ማዶ የተያዘልኝን ጽሑፍ ማንበብ ካልቻልኩ ያ አሸዋ ወደ በርሜሉ ይመለሳል።

አሸዋውን የሚያጥቡት ልጆች ይህን ሕግ ጠሉት። በኋላ ግን እነሱው ጨከኑ። እኔ «ይበቃል» ያልኩትን አንዷ «አይነበብም» ብላ መለሰችው።

እጥበት የሚሰለች ሥራ ነው፤ ሰው የሚቆርጠው ጥግም ይሄው ነው። ያልታጠበ አሸዋ የገባበት ማጣሪያ ለሳምንታት ድፍርስ ይሰጣል፣ ቶሎም ይደፈናል። ከዚያ «የአሸዋ ማጣሪያ አይሠራም» ይባላል።

ዓርብ፣ ሙሊት

ከሥር የተበሳሱ ቧንቧዎች ተዘረጉ። በላያቸው አራት ንጣፍ ገባ። ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ድንጋይ፣ ከ6 እስከ 10 ጠጠር፣ ከ2 እስከ 4 ደቃቅ ጠጠር፣ በመጨረሻም 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ሸካራ አሸዋ። እያንዳንዱ ንጣፍ ከላዩ ያለው እንዳይሾልክ ይይዘዋል። አንዱ ከተዘለለ የማጣሪያው አሸዋ ወርዶ ቧንቧው ውስጥ ይገኛል።

አሸዋው በባሬላ ገብቶ ተደለደለ። ከዚያ ውሃ ከላይ አልለቀቅንም። ከሥር ነው ያስገባነው፣ በጣም ቀስ ብለን። ከላይ ከመጣ አየሩ በቅንጣቶቹ መሃል ይታሰራል፣ የታሰረ አየር ደግሞ ውሃ አያሳልፍም። ከሥር ሲመጣ አየሩን እየገፋ ይወጣል። ጋኑ ላይ ጎንበስ ብለን ስናይ መጀመሪያ አሸዋው ጠቆረ፣ ቀጥሎ እዚህም እዚያም ትናንሽ አረፋዎች ብቅ ብቅ አሉ። አረፋው እስኪያበቃ ማንም ቫልቭ አልነካም።

የጥሬ ውሃው መግቢያ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀመጠ፤ ፍሰቱ አሸዋውን እንዳይቦረቡረው። መቆጣጠሪያው መግቢያው ላይ ነው። የሚገባው ውሃ ሁልጊዜ እኩል ነው። አሸዋው ሲደፈን ከላይ ያለው ውሃ ከፍ ይላል፤ ከፍታው 1 ሜትር ሲደርስ የጽዳት ቀን ደረሰ ማለት ነው። መውጫው ላይ በየቀኑ ቫልቭ እያስተካከሉ የሚሠሩም አሉ። ለመንደር ግን ይህኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ግድግዳው ላይ የተቀባውን መስመር ማንበብ ብቻ ነው።

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ዙሪያው ወንፊት። ቅጠል፣ ወፍና ፀሐይ እንዳይገቡ።

እሑድ፣ የመጀመሪያው ውሃ

ከእያንዳንዱ ጋን በሰዓት 333 ሊትር መውጣት አለበት። 20 ሊትር ጀሪካን በ3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይሞላል ማለት ነው። በስልክ ሰዓት ለካን፣ መግቢያውን ነካ ነካ አድርገን አስተካከልን።

ውሃው ጠርቷል። ሰውም ተሰብስቧል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ውሃ ገና ለመጠጥ አይሆንም። አሸዋው አዲስ ነው፣ የሚሠራውም ነገር ገና አልበቀለበትም። ይህን ለተሰበሰበ ሰው ማስረዳት ግድግዳ ከማቆም ይከብዳል።

አንድ አዛውንት ግን ልኩን ጠየቁኝ። «ልጄ፣ በሽታውን አሸዋው ምን አድርጎ ይይዘዋል?»

እውነት አላቸው። በቅንጣቶቹ መሃል ያለው ክፍተት ከባክቴሪያ በአሥር እጥፎች ይሰፋል። ወንፊት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ያልፍ ነበር። ግን በአንድ ሜትር ኩብ እንዲህ ያለ አሸዋ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች ገጻቸው ቢደመር በሺዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ይሆናል። ውሃው በዚህ ሁሉ ላይ በዝግታ ሲያልፍ ተህዋስያኑ ይጣበቃሉ። ከላይ ደግሞ ሳምንታት ሲያልፉ ሕይወት ያለው ስስ ሽፋን ይበቅላል። እዚያ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ጀርሞቹን ይበላሉ። የተረፈው ወደ ታች ሲወርድ የሚበላው አጥቶ ይሞታል። የሚያጸዳው አሸዋው ሳይሆን አሸዋው ላይ የሚኖረው ነው።

ይህን ሥራ የጀመሩትም አላወቁትም ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ፔዝሊ ላይ ጆን ጊብ የሚባል ሰው በ1804 ለጨርቅ ማንጫው ብሎ ውሃ በአሸዋ አጣራ፣ የተረፈውን ለከተማው ሰው ሸጠ። በ1829 ጄምስ ሲምፕሰን ለንደን ላይ ለቼልሲ የውሃ ኩባንያ ትልቅ ማጣሪያ ሠራ። የፈለጉት የጠራ ውሃ ነበር። ጀርም በሽታ እንደሚያመጣ ገና አልታወቀም። በ1892 ግን ነገሩ ገሃድ ወጣ። ሃምቡርግ የኤልብን ወንዝ ውሃ ሳታጣራ ትጠጣ ነበር፤ ኮሌራ ገብቶ ከ8,000 በላይ ሰው ሞተባት። ጎረቤቷ አልቶና ከሃምቡርግ በታች፣ የእሷ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት ከዚያው ወንዝ ነበር የምትቀዳው። ግን በአሸዋ ታጣራ ስለነበር ብዙም አልተነካችም። ሮበርት ኮክ ራሱ ነገሩን መርምሮታል።

ለአዛውንቱ ይህን ሁሉ አላወራሁም። የሁለቱን ከተሞች ታሪክ ብቻ ነገርኳቸው፤ እሳቸው ለሌላው ነገሩ። ውሃው ለጊዜው ለልብስ ይሁን፣ የሚጠጣው ይፍላ ተባለ።

ረቡዕ፣ ከሳምንታት በኋላ፣ ምርመራ

ወንዙ በ100 ሚሊ ሊትር 310 ኢ. ኮላይ ይዟል፤ ኢ. ኮላይ ውሃው በሰገራ መበከሉን የሚያሳይ ባክቴሪያ ነው። ከማጣሪያው መጀመሪያ የወጣው 120 ነበር። በቀጣዩ ምርመራ 40፣ ከዚያ 7 ሆነ። ዛሬ ባክቴሪያው የሚበቅልበትን የምርመራ ሳህን ከማሞቂያው አውጥተን በባትሪ ብናየው፣ ባክቴሪያ ቢኖር የሚታየው ቢጫ ነጠብጣብ አንድም የለም። የሌላኛው ጋን አንድ አለው። የማሞቂያው ሙቀት 44 ዲግሪ ነው፣ ውጤቱ የሚታየው በማግስቱ ነው፤ ስለዚህ ሌሊቱን ማንም በደንብ አልተኛም። ብርዱ ቢበረታ ኖሮ ከዚህም በላይ ይዘገይ ነበር። በቅዝቃዜ ሽፋኑ ለመብቀል ይሰንፋል።

በዚያው ቀን ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ሌሊት ማጠራቀሚያው ሞልቶ ይፈሳል። «ለምን አይዘጋም? ብክነት አይደለም ወይ?» ሐሳቡ የቁጠባ ነው፣ ክፋት የለውም። ግን ሽፋኑ ላይ ያሉት ፍጥረታት የሚተነፍሱት ከሚመጣው ውሃ ነው። ፍሰቱ ለሰዓታት ከቆመ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ መሞት ይጀምራሉ፣ ውሃውም ይሸታል። ስለዚህ ቫልቩ ሰንሰለት ገባለት፤ ትርፉ ውሃ ለከብቶች ገንዳ ተሰጠ። ቁልፉ ማጣሪያውን የምትከታተለው የኦፕሬተሯ ነው።

ሰኞ፣ ዝናቡ

ወንዙ ደፍርሷል። በመለኪያ ቱቦው 180 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ ነው) አነበብን። ማጣሪያው ከ10 ብዙም የማይበልጥ ውሃ ነው የሚወድ፤ ለጥቂት ቀን ከዚያ በላይ ቢመጣ ይችለዋል። ከፊቱ ያለው የጠጠር ገንዳ የተሠራው ለዚህ ነው። ሦስት ክፍል አለው። ውሃው መጀመሪያ በትልልቁ፣ ቀጥሎ በመካከለኛው፣ በመጨረሻ በደቃቁ ጠጠር ውስጥ አግድም እየሄደ ደለሉን ይጥላል። 180 የገባው 22 ሆኖ ወጣ። ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። የጋኑ ውሃ በቀን አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይጨምር የነበረው አሁን 10 እየጨመረ ነው።

ሐሙስ፣ ጠረጋ

የቀኙ ጋን መስመሩ ላይ ደረሰ። ማታውኑ መግቢያው ተዘጋ፣ ውሃው ከሥር በማፍሰሻው ተለቅቆ ከአሸዋው ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ወረደ። ከዚያ በላይ አናወርደውም፤ ከሥር ያለው መድረቅ የለበትም።

ጠዋት ሳንቃ ተዘርግቶ ተገባበት። ሽፋኑ ቡናማ ነው፣ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ይላል። ሲነኩት ያሟልጫል። ጠፍጣፋ አካፋ አግድም ሲገባበት እየተጠቀለለ ይነሣል። የሚሸተው ዝናብ የመታው አፈር ነው፣ ግማት የለውም። ከሥሩ ያለው አሸዋ የገባ ቀን እንደነበረው ነጭ ነው። ለዓይን የሚታየው ቆሻሻ ሁሉ ላይኛዋ 2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቀርቷል። ኦፕሬተሯ አንድ እፍኝ ከላይ፣ አንድ እፍኝ ከሥር አንሥታ ለኮሚቴው አሳየች። እኔ ስለ ማጣሪያው ካወራሁት ሁሉ ይህ በለጠ።

አንዱ «ከገባን አይቀር ጠለቅ አድርገን እንጥረገው» አለ። አይሆንም። ከሥር ያለው አሸዋ የበሰለ ነው፣ እሱን ማውጣት ኪሳራ ነው። ፈጥኖ ገብቶ፣ ስስ ጠርጎ፣ ደልድሎ መውጣት ነው። ከዚያ ከግራው ጋን የተጣራ ውሃ ከሥር ተለቀቀበት፣ አረፋው ወጣ፣ መግቢያው በቀስታ ተከፈተ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ውሃ ወደ ውጭ ይፈሳል፤ ምርመራው ንጹህ ሲል ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል።

የተጠረገው አሸዋ አይጣልም። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጆንያ ይቀመጣል። ንጣፉ 90 ነበር፤ 60 ሲደርስ መሙላት ግድ ይሆናል። በየጠረጋው 2 ሳንቲ ሜትር ከተነሣ 15 ጠረጋ አለን። ሲሞላም አሮጌው አሸዋ ወደ ጎን ይደረጋል፣ አዲሱ ከሥር ይገባል፣ አሮጌው ከላይ ይመለሳል። ሕይወት ያለው እሱ ላይ ነው፣ ማጣሪያውም ቶሎ ይነሣል።

ቅዳሜ፣ ክሎሪን

ማጣሪያው ሁሉን አይችልም። የሟሟ ጨው፣ ፍሎራይድ፣ እንዲህ ያለ ነገር በአሸዋው ሰተት ብሎ ያልፋል፤ የወንዙ ውሃ ቀድሞ ቤተ ሙከራ የተላከው ለዚህ ነበር። የጠራ ውሃም ቢሆን በቆሸሸ ጀሪካን ይበከላል። ስለዚህ ማጠራቀሚያው ላይ ጠብ ጠብ የሚል ክሎሪን ገጥመናል።

ከኮሚቴው አንዱ፣ ለጥንቃቄ ብሎ፣ ክሎሪኑ ማጣሪያው አናት ላይም ይጨመር አለ። ኦፕሬተሯ ከእኔ ቀድማ መለሰችለት፦ «ገደልካቸው እኮ!»

ቅርብ ካለው ቦኖ 0.5፣ ከሩቁ 0.3 ሚሊ ግራም በሊትር አነበብን። በዚሁ ይቀጥል ተባለ። የቀኙ ጋን ንጹህ ሆኖ ተመልሷል። የግራው ውሃ 71 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፣ በዚህ ዝናብ ሳምንት ሳይሞላው መስመሩ ላይ ይደርሳል። ሳንቃውና አካፋው ታጥበው እዚያው ጋኑ ሥር ተቀምጠዋል። መዝገቡ ላይ አራት ዓምድ አለ፦ ከፍታ፣ ፍሰት፣ ድፍርስነት፣ ክሎሪን። ከሰኞ ጀምሮ የምትሞላው ኦፕሬተሯ ናት።